ቅጹ የተሞላ ዕለት፦ በሕይወት መድን ክፍል ውስጥ ያለው ሥራ

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ የሥራ ዓይነት ነው። ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ የቅጥር ማስታወቂያ የምታገላብጡ ወጣቶች፣ አንዳንዴ «በሕይወት መድን ክፍል ጀማሪ ባለሙያ» የሚል ክፍት ቦታ ይገጥማችሁ ይሆናል። የመኪናውን መድን ሁሉም ያውቀዋል። የሦስተኛ ወገን ሽፋን ሳይዙ ማሽከርከር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ባለመኪና ሁሉ ወዶም ሆነ ሳይወድ ደንበኛ ነው። ወደ ሕይወት መድኑ ግን የግል ደንበኛ ተገዶ አይመጣም። እዚያ ክፍል ወረፋ አታዩም፤ የተጋጨ መኪና ፎቶ ይዞ የሚከራከር ሰውም የለም። ፋይል ግን አለ፤ አንዳንዱ ፋይል ከሚያገላብጠው ሠራተኛ በዕድሜ ይበልጣል።

እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ክፍል ወረቀት ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ የማወራችሁ ከውስጥ ያየሁትን ነው። ከወዲሁ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የዚህ ሥራ ክብደት ሰው በሞተ ዕለት ያለ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ቅጹ በተሞላ ዕለት ነው ባይ ነኝ። ምክንያቴን እየቆየን እናየዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

መድን ወደ አገራችን የገባው በባንክ በር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ጉዞ መድን ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1951 ነው። በታኅሣሥ 1967 ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወረሰ፤ ከዚያም ሥራው ሁሉ በኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሥር ተጠቃለለ። አዋጅ ቁጥር 86/1986 ለግል ባለሀብት በሩን እስከከፈተበት ጊዜ ድረስም እንዲሁ ቆየ። ዛሬ በርከት ያሉ ኩባንያዎች አሉ፤ ተቆጣጣሪያቸው ብሔራዊ ባንክ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የሕይወት መድን የቤቱ ታናሽ ልጅ ሆኖ ነው የኖረው፤ ኩባንያዎቹ በየዓመቱ ከደንበኞች ከሚሰበስቡት ክፍያ፣ ማለትም ከአረቦን፣ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መኪና ነው።

ለምን ታናሽ ሆኖ ቀረ? መልሱን ከሽያጭ ወኪሉ ጋር አንድ ቀን የዋለ ሰው ያገኘዋል። ወኪሉ ወጣት ነው እንበል፤ ቦርሳውን ይዞ መርካቶ አንድ ሱቅ ይገባል።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር አይበለውና፣ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆችዎ…»

«ምን እሆናለሁ? አንተ ልጅ፣ በጠዋት ሟርት ይዘህብኝ መጣህ?»

ጨዋታው እዚያው አለቀ። ልምድ ያላቸው ወኪሎች ስለዚህ በሞት አይጀምሩም፤ በትምህርት ቤት ክፍያ ነው የሚጀምሩት። ቁጠባና የሕይወት መድን በአንድ ላይ የያዘ ውል አለ፤ ባለሙያዎቹ ኢንዶውመንት ይሉታል። ደንበኛው ለ15 ወይም ለ20 ዓመት በየጊዜው ይከፍላል። ጊዜው ሲሞላ በሕይወት ካለ ገንዘቡን ራሱ ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ካረፈ ደግሞ ቤተሰቡ ሙሉውን ያገኛል። ከዚህ ሌላ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ሰውየው በሕይወት ከቆየ ምንም የማይመለስበት ርካሽ ውልም አለ። ተርም ይባላል። «ካልሞትኩ ገንዘቤ ቀለጠ ማለት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ለወጣት ቤተሰብ የሚበጀው ብዙ ጊዜ ይኸው ርካሹ ነው። ወኪሉ ግን ከፍ ያለ አረቦን ያለውን መሸጥ ይመርጣል፤ ኮሚሽኑ የሚሰላው በእሱ ላይ ነውና።

ሁለተኛው መልስ «እድር አለኝ» ነው። እድርን የሚያናንቅ ወኪል ሥራውን አያውቅም ማለት ነው። እድር ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ይደረድራል፣ ገንዘብ ያወጣል፤ የሐኪም ወረቀት አምጡ አይልም። በፍጥነት የትኛውም ኩባንያ አይደርስበትም። ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ግን የሚቀጥለው ወር የቤት ኪራይ አለ፤ ከዚያም የመስከረም ምዝገባ ይመጣል። እድር ለዚያ አልተቋቋመም። የሕይወት መድን ቦታው እዚያ ጋ ነው፤ ይህን ሁለቱን ሳያጋጭ ማስረዳት የቻለ ወኪል ደንበኛ አያጣም። ወለድ በሃይማኖቱ ለማይፈቀድለት ደንበኛም አሁን አሁን ታካፉል የተባለው ከወለድ ነፃ አገልግሎት መጥቷል፤ ወኪሉ እሱንም ማወቅ አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ቅጹ እንምጣ።

ደንበኛው ሲስማማ የማመልከቻ ቅጽ ይሞላል። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ዘመን፣ ሥራ፣ ከዚያም የጤና ጥያቄዎች ይከተላሉ። የደም ግፊት አለብዎ? ስኳርስ? ባለፉት ዓመታት ሆስፒታል ተኝተዋል? እናትና አባትዎ በሕይወት አሉ? ከሌሉ በስንት ዓመታቸው፣ በምን ምክንያት አረፉ? ሲጋራ ያጨሳሉ? ቅጹ ከዚያ አንደርራይቲንግ ወደሚባለው ክፍል ይሄዳል፤ አደጋውን መዝኖ «እንቀበለው፣ አረቦን እንጨምርበት፣ ወይስ ይቅርብን» የሚለው ይህ ክፍል ነው። የተጠየቀው ገንዘብ ከፍ ካለ ወይም ሰውየው በዕድሜ ከገፋ የሐኪም ምርመራ ይታዘዛል። ኩባንያው ብቻውን የማይችለው መጠን ከሆነ ደግሞ የተወሰነው ለጠለፋ መድን ይተላለፋል፤ ማለትም መድን ሰጪው ራሱ መድን ይገባል። ለዚህ ሥራ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 2016 ነው።

ጀማሪ ባለሙያን መጀመሪያ የሚያስቸግረው ግን በሽታው አይደለም፤ ዕድሜው ነው። የሕይወት መድን ዋጋ የሚቆመው በዕድሜ ላይ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ብዙው ጎልማሳ የልደት ምስክር ወረቀት ሳይኖረው ነው ያደገው። በዘመናዊ መልክ የተደራጀው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የተጀመረው ገና በ2008 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ዕድሜው የሚታወቀው በመታወቂያው፣ በትምህርት ማስረጃው፣ አንዳንዴም «በድርቁ ጊዜ» በሚል የእናት ትዝታ ነው። ሦስቱ ደግሞ ላይስማሙ ይችላሉ።

በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩ ይጨመርበት። አንድ ድርጅት ሠራተኞቹን በቡድን የሕይወት መድን ሊያስገባ የስም ዝርዝር ይልካል። ከአንዱ ስም አጠገብ 12/05/1978 ይላል። ይህ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥር 12 ቀን 1978፣ የጥምቀት ማግስት ነው፤ ወደ ፈረንጆቹ ሲመለስ ጃንዋሪ 20 ቀን 1986 ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከተጻፈ ግን ሜይ 12 ቀን 1978 ነው። በሁለቱ መካከል ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ! ዝርዝሩን ያዘጋጀችው የሰው ኃይል ባለሙያ ግማሹን ከፓስፖርት፣ ግማሹን ከቀበሌ መታወቂያ ገልብጣው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትደውላላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ፤ እንደገና ትደውላላችሁ። በነገራችን ላይ በጳጉሜን የተወለደ ሰው ለእኛ በረከት ነው፤ የወር ቦታው ላይ 13 ያየ ማንም ሰው በፈረንጅ ነው ብሎ አይሳሳትም።

ዕድሜ ተሳስቶ ቢገኝ ምን ይሆናል? በተለመደው አሠራር ውሉ አይፈርስም፤ የተከፈለው አረቦን በእውነተኛው ዕድሜ ሊገዛ በሚችለው መጠን ካሳው ይስተካከላል። ለቤተሰቡ ግን ያልጠበቁት ቅናሽ ነው።

ይህ ሁሉ የዕድሜ ጭንቀት ከየት መጣ? በፈረንጆቹ 1693 ኤድመንድ ሃሌይ፣ በስሙ የሚጠራ ጅራታም ኮከብ ያለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት፣ ብሬስላው ከምትባል ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ተነሥቶ በየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ከተማዋ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት፤ መዝገቡን የሰበሰበው አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ከዚያ በኋላ ለንደን ውስጥ ጄምስ ዶድሰን የሚባል የሒሳብ መምህር አሚኬብል ሶሳይቲ ወደተባለ ማኅበር መድን ሊገባ ሄደ፤ ዕድሜው ከ45 በላይ ስለነበር አልተቀበሉትም። በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ኩርፊያ ነበር የሚሆነው። ዶድሰን ግን ቁጭ ብሎ አሰላ፦ እያንዳንዱ ሰው በገባበት ዕድሜ ልክ፣ ዘመኑን ሙሉ የማይለዋወጥ አረቦን ቢከፍል ሽማግሌውንም መቀበል ይቻላል። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በፈረንጆቹ 1762፣ ኢኩዊተብል የተባለው ማኅበር በዚህ ስሌት ሥራ ጀመረ።

ለምንድን ነው ይህን የማወራችሁ? አረቦኑ ስለማይለዋወጥ ወጣቱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከአደጋው በላይ ይከፍላል፣ በኋለኞቹ ደግሞ ከአደጋው በታች ይከፍላል። የመጀመሪያው ትርፍ ለኋለኛው መጠባበቂያ ነው። የኩባንያው ሒሳብ ሠራተኛ ካዝናው ውስጥ የሚያየው ገንዘብ ስለዚህ አብዛኛው ዕዳ ነው። ይህን የዘነጋ ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ትርፍ ያሳያል፤ ችግሩ የሚገለጠው ምናልባት እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ብሔራዊ ባንክ የሕይወት መድኑ ሒሳብ ከሌላው ተለይቶ እንዲያዝ የሚያስገድደውም አለነገር አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ቅድም ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥቁር ለብሳ ወደ ካሳ ክፍል ትመጣለች። ባለቤቷ ካረፈ አርባው ወጥቷል። ውሉ መኖሩን ያወቀችው ሳጥን ስትፈትሽ ነው። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ፤ ይቀመጡ» ትሏታላችሁ። ከዚያ ግን የሚከተለው የወረቀት ጥያቄ ነው፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ አደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት፣ የእሷ መታወቂያ፣ የመድን ውሉ ራሱ። በዚህ ሰዓት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ሙሉውን በወረቀት ጽፎ የሚሰጣት ሠራተኛ ትልቅ ውለታ ይውልላታል። «ይኼ ጎድሏል» እየተባለች አራት ጊዜ የተመላለሰች ሴት ገንዘቡን ብታገኝም በኩባንያው አትደሰትም።

ከዚያ ፋይሉ ይወጣል። ቅጹ ላይ «የደም ግፊት አለብዎ?» የሚለው ጥያቄ አጠገብ «የለም» ይላል። «ስኳር?» «የለም»። «ሆስፒታል ተኝተዋል?» «የለም»። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሕፈት ተሞልቷል፤ እጁም የሟቹ አይደለም፤ ከታች ያለው ፊርማ ብቻ ነው የእሱ። ሆስፒታሉ የላከው ማስረጃ ደግሞ ሰውየው ውሉን ከመግባቱ ዓመታት በፊት የግፊት መድኃኒት ይወስድ እንደነበር ይናገራል።

እዚህ ጋ ሰውየው ዋሸ ወይስ አልተጠየቀም? የ1952ቱ የንግድ ሕጋችን ሆን ተብሎ የተደበቀን ነገርና ያለ ክፋት የቀረን ነገር ለይቶ ነው የሚያየው፤ የመጀመሪያው ውሉን ያፈርሰዋል፣ ሁለተኛው ክፍያውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ግን ሟቹ ተነሥቶ አይመሰክርም። ወኪሉ ምናልባት ሥራ ለቋል። ኮሚሽኑ ትልቅ የሆነው በመጀመሪያው ዓመት ስለሆነ፣ ወኪሉ ቅጹ ቶሎ እንዲያልፍለት ይፈልግ ነበር፤ ደንበኛውም ሱቁ ውስጥ ሰው እየጠበቀው «አንተው ሙላው ልጄ» ብሎት ይሆናል። እኔ በምሠራበት ቦታ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ሲመጡ በጠረጴዛው ዙሪያ ክርክር ይነሣ ነበር። አንዱ «ፊርማው የሱ ነው፣ አለቀ» ይላል፤ ሌላው «ወኪሉ የእኛ ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ወኪል አሠልጥኖ፣ መታወቂያ ሰጥቶ፣ በሽያጩ ልክ የሸለመ ኩባንያ ወኪሉ የጻፈውን «የለም» በሴትዮዋ ላይ ሊያመጣባት አይገባም።

የሚገርመው፣ ስኳር እንዳለበት በግልጽ የተናገረ ሰው ብዙ ጊዜ አይባረርም። አረቦኑ ትንሽ ይጨመርበታል፣ ውሉም ይጸድቃል፤ ሲያርፍም ቤተሰቡ ያለ ክርክር ይከፈለዋል። ክብደቱ ቅጹ የተሞላ ዕለት ነው ያልኳችሁ በዚህ የተነሣ ነው።

ከቅጹ ሌላ መስመር ላይ ደግሞ የተጠቃሚ ስም አለ። ሰዎች በጥድፊያ ነው የሚሞሉት። አንድ ወንደላጤ በ25 ዓመቱ የወንድሙን ስም ይጽፋል፤ ከዚያ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቅጹን ይረሳል። ሲያርፍ ገንዘቡ የማን ነው? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 827 ሟቹ ተጠቃሚ ካልሰየመ ወይም እንዲሁ «ለወራሾቼ» ብሎ ካለፈ የመድኑ ገንዘብ በውርሱ ውስጥ ይገባል ይላል፤ በሌላ ሁኔታ ግን የውርሱ አካል አይሆንም። ስለዚህ ወንድሙ ወራሽ ባይሆንም ገንዘቡን ሊወስድ ነው። ሚስቲቱ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዛ መጥታ ይህን ስትሰማ ፊቷ ላይ የሚታየውን ለመሸከም ነው ሠራተኛው ደመወዝ የሚከፈለው ብል ማጋነን አይሆንም። በየዓመቱ አረቦን ሲከፈል «ተጠቃሚው እንዳለ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ቦታ ግን አይጠየቅም።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለዚህ ሥራ ሲወራ የሚሸሸግ አንድ ጉዳይ አለ፤ እሱም የገንዘብ መርከስ ነው። ብር ከዶላር ጋር ያለው ይፋዊ ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር የተለወጠው በመስከረም 1985 ነው። በዚያው ዓመት አንድ አስተማሪ ለ20 ዓመት የ20,000 ብር ውል ገባ እንበል፤ በወቅቱ 4,000 ዶላር ነው፣ ትልቅ ገንዘብ። በ2005 ጊዜው ሲሞላ ዶላር ወደ 18 ብር ገደማ ደርሷል፤ ያው 20,000 ብር ከ1,100 ዶላር ብዙም አልበለጠም። ኩባንያው ትርፍ ሲያገኝ የሚጨምረው ቦነስ ቢኖርም ክፍተቱን መሙላት ይከብደዋል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል።

ቆጥቦ የኖረ ሰው ቼኩን ተቀብሎ አገላብጦ ሲያየው፣ «እንዲህ ናት?» ሲላችሁ፣ ምን ትሉታላችሁ? ውሉ በፊደሉ ተፈጽሟል። ኩባንያው አልዋሸም። ይህን ሁኔታ ለደንበኛው ከመጀመሪያው ያልነገረ ሻጭ ግን ግማሽ እውነት ነው የሸጠው። በእኔ አስተያየት ረጅም የቁጠባ ውል የሚሸጥ ባለሙያ መጠኑ በየጥቂት ዓመቱ እንዲታደስ መወትወት አለበት፤ ደንበኛው ቢሰለቸውም እንኳ።

ውል ማቋረጥም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ኑሮ ሲከብድ አስቀድሞ የሚቆመው የመድን ክፍያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያቋረጠ ሰው የሚመለስለት ጥቂት ነው፣ ወይም የለም፤ ኮሚሽኑና የሥራ ማስኬጃው ከዚያ ላይ ወጥቷልና። ጥቂት ዓመት የቆየ ውል ግን ብድር ሊያስገኝ፣ ወይም ክፍያው ቆሞ በተቀነሰ መጠን ሊቀጥል ይችላል። ሊያቋርጥ የመጣ ደንበኛን ፎርም ሰጥቶ ከመሸኘት ይልቅ ይህን ማስረዳት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ሥራ ነው።

ቅጥሩን የምታስቡ ወጣቶች፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በማኔጅመንት፣ በአካውንቲንግ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በስታቲስቲክስ ወይም በሕግ የተገኘ ዲግሪ ነው። ጀማሪ ሆናችሁ የቡድን ውሎችን ዝርዝር ማጣራት ወይም የአረቦን ክትትል ይሰጣችኋል፤ አሰልቺ ነው፣ አልዋሻችሁም። ወኪል መሆን ለሚፈልግ የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ገቢው ኮሚሽን ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈትናሉ።

ሒሳብ ለሚወዱ ደግሞ ሰፊ በር አለ፤ አክቹዋሪ። ከሃሌይ ሠንጠረዥ የተነሣውን ስሌት የሚሠራው፣ ኩባንያው ለወደፊት ዕዳው በቂ መጠባበቂያ መያዙን መርምሮ የሚፈርመው ባለሙያ ነው። በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፤ ኩባንያዎቻችን ይህን ምርመራ በአብዛኛው የሚያሠሩት ከውጭ በሚመጡ አክቹዋሪዎች ነው፣ ለስሌቱም የሌሎች አገሮችን የሞት ሠንጠረዥ ሲዋሱ ኖረዋል። ሙያው የሚገኘው በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ የአክቹዋሪዎች ማኅበራት ተከታታይ ፈተናዎች ሲሆን፣ ሥራ እየሠሩ ዓመታት ይፈጃል። ፈተናዎቹ የሚጀምሩት በፕሮባቢሊቲና በስታቲስቲክስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ እያላችሁ ልትጀምሯቸው ትችላላችሁ።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህን ይመስል ነበር። ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች በጽሑፍ አድርሱን። እስከዚያው ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ የሕይወት መድን ውል ካለ፣ አውጡና ተጠቃሚ የሚለውን መስመር አንብቡት።